ለመሞት የተኙትን ጋሽ ይማምን ቅሬው ሲከሳቸው

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «እንኳን ደስ ያለሽ ሲስተር፣ በይ አሁን እረፊ» ይለኛል። የሚለኝ ሰው ክፋት የለውም፣ ወዶኝ ነው። እኔ ግን «እረፊ» ስባል ደም ግፊቴ ይነሳል። ቀልዴን አይደለም፤ መለኪያው ቤቴ ስላለ ለክቼ አይቼዋለሁ። ምክንያቱን ልናገር ካልኩ ስለ ጋሽ ይማም ማውራት አለብኝ፤ ስለ እሳቸው ላውራ ካልኩ ደግሞ ከአምባሰል መነሳቴ ነው።

ነርስ ሆኜ መጀመሪያ የተመደብኩት አምባሰል ውስጥ፣ የግሸን ተጓዦች ከአውቶቡስ ወርደው በእግራቸው ከሚጀምሩበት መንገድ ብዙም በማትርቅ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነበር። የከተማ ልጅ ነኝ፣ ደሴ ነው ያደግሁት። ነርስ ነጭ ጫማ ታደርጋለች ብለው ስላስተማሩኝ ነጭ ጫማ ገዝቼ ሄድኩ። ሳምንት ሳይሞላው የጫማው ቀለም ምን እንደነበር እኔም ረሳሁት። ደመወዙ እንኳን ለሌላ ጫማ፣ ለዚያው ጫማ ቀለምም አይተርፍም ነበር።

ክሊኒኳን ይዘው ያገኘኋቸው ጋሽ ይማም ናቸው። ድሬሰር ነበሩ። ድሬሰር የሚባለው ሥራ ዛሬ ቀርቷል፤ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ጥርስ የሚነቅል፣ ሐኪም ሲጠፋም ሐኪም የሚሆን ሰው ማለት ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀሐይ አናት እየበሳ እንኳ ኮታቸውን የማያወልቁ ሰው ናቸው። በወረቀት እኔ የበላያቸው ስለሆንኩ «አለቃዬ» ይሉኝ ነበር፣ ፊታቸው ላይ የፈገግታ ምልክት ሳይኖር። የመጀመሪያውን ወር ሙሉ አምኛቸው ነበር።

የግሸን ንግሥ ሲደርስ የሥራ ትርጉም ምን እንደሆነ አየሁ። ተራራውን ወጥቶ የወረደ ሰው እግሩ ውሃ ቋጥሮ፣ ጉልበቱ ተንቀጥቅጦ በራችን ላይ ይሰለፋል። እኔ መቀሱን አንስቼ ያበጠውን ቆዳ ቆርጬ ልጥል ስል ጋሽ ይማም እጄን ይይዙኛል። «ተይው፣ ከኛ ፋሻ የራሱ ቆዳ ይሻለዋል» ይሉኛል። ከዚያ ተንበርክከው እግሩን በሳሙና ያጥቡና፣ መርፌውን አቃጥለው ጠርዙን በጎን በኩል ወጋ አድርገው፣ ውሃውን በጥጥ እየተጫኑ ካወጡ በኋላ ቆዳውን መልሰው ያለብሱታል። ተጓዡ «ማርያም ትባርክዎ አባቴ» ሲላቸው «አሚን፤ ለከርሞ ግን አዲስ ጫማ አድርገህ ተራራ እንዳትወጣ» ብለው ወደሚቀጥለው እግር ያልፋሉ።

አንድ ልማድ ነበራቸው። በሽተኛ ገና ሳይቀመጥ፣ የት ጋ እንዳመመው ሳይጠየቅ፣ «ሥራ እንዴት ነው?» ይሉታል። እሱ ሲያወራ እጁን ይቀበሉና ገልብጠው መዳፉን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን ያደርጋሉ። መጀመሪያ ሳይ ጠንቋይ መስለውኝ ክፉኛ ታዘብኳቸው። አንድ ቀን ደፍሬ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። «ገበሬው መዳፉ ከለሰለሰ ከሥራ ርቋል ማለት ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠይቂው። ሕመሙ የጀመረውም ያን ሰሞን ሆኖ ታገኚዋለሽ። ከዚያ በኋላ ጆሮሽ ላይ ያንን ትቦ ሰክተሽ ማዳመጥ ነው» አሉኝ።

ኋላ እኔም እሳቸውም ወደ ሐይቅ ጤና ጣቢያ ተዛወርን። ሐይቅ ከተማ ነው፤ ሚኒባስ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ስለዚህ በሽታውም የከተማ በሽታ ነው ብዬ ገመትኩ። የጋሽ ይማም ጥያቄ ግን እዚያም ሠራ። ዓሣው እንዲራባ ተብሎ ማስገር በቆመ ጊዜ፣ ሰይድ የሚባል አስጋሪ ጨጓራዬ ተቃጠለ እያለ በየሁለት ቀኑ ይመጣብናል። ሽሮፕ ሰጠነው፣ በርበሬ ከለከልነው፣ አልተሻለውም። ጋሽ ይማም መዳፉን ጫን ጫን አደረጉና «መረብ ትጠግናለህ አይደል?» አሉት። «ሌላ ምን አውቃለሁ» አለ። የጤና ጣቢያውን የተቀዳደደ አጎበር ሁሉ አሸክመው ሰደዱት። ሽሮፑንም አልነፈጉትም፣ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ሰይድ አጎበሩን ጠግኖ ሲመልስ የጨጓራውን ነገር አላነሳም፣ እኛም አላስታወስነውም።

ወር ሲያልቅ የሚያዞረው አስተማሪም ነበረን። ደመወዝ ሲወጣ ይድናል፣ ደመወዙ ሲያልቅ ያመዋል። ጋሽ ይማም «ቁርስ በላህ?» ሲሉት «ልጆቹ በልተዋል» አለ። ከዚያ ወዲህ ወር መጨረሻ ላይ የሚመጣ አስተማሪ ሁሉ መጀመሪያ ሻይና ዳቦ ይሰጠዋል፣ ግፊቱ የሚለካው ከዚያ በኋላ ነው። ግማሾቹ ሻዩን ጠጥተው ሳይለኩ ይሄዳሉ። ያን ጊዜ የነበሩት አለቃችን «ይኼ ምን ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል?» ብለው ተቆጡ። ጋሽ ይማም «የደም ማነስ ብለው ይጻፉት፣ ደም ከዳቦ ነው የሚመጣው» አሏቸው። ሰውየው ጥቂት አሰቡና ጻፉት።

እንዲህ ሲሉ ሲሉ ጡረታቸው ደረሰ። እዚህ ላይ ነው ሁላችንም የተሳሳትነው።

ሽኝቱ ደማቅ ነበር። ጋቢ አለበስናቸው፣ የግድግዳ ሰዓት ሸለምናቸው። ለጡረተኛ ሰዓት መስጠትን ማን እንደጀመረው እንጃ፣ ምን ሰዓት እንዲያዩበት እንደሆነም አላውቅ። ከሁሉ የከፋው ግን የሰፈራችን የቅሬ ዳኛ አቶ ደምሴ ተነስተው ያደረጉት ንግግር ነው። ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። በኛ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነው፤ ሰው ሲሞት ወንዱ መቃብር ይቆፍራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ሴቱ ውሃና እንጨት ያቀርባል፣ የቀረ ሰው ይከሰሳል። አቶ ደምሴ «ጋሽ ይማም ስንቱን ከሞት ያተረፈ ሰው ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከቁፋሮም፣ ከድንኳንም፣ ከተራም ነጻ ነው። አርፎ ይቀመጥ» አሉ። አጨበጨብን። እኔ እጄ እስኪቀላ ነው ያጨበጨብኩት።

እሳቸውም አረፉ። መጀመሪያ ቤታቸው ውስጥ የተሰበረውን ሁሉ ጠገኑ። የሚጠገን ሲያልቅ የባለቤታቸውን የእትዬ ሀሊማን የወጥ ቤት ዕቃ በቁመት ይደረድሩ ጀመር። ቀጥሎ ኮታቸውን ለብሰው እስከ አጥሩ በር ይሄዱና ቆም ብለው ይመለሳሉ። ሰው ሲያገኛቸው «ጋሽ ይማም፣ ምን ቸገረዎት፣ ይረፉ እንጂ» ይላቸዋል። መርፌ ፈልጎ የሚመጣ እንኳ ጠፋ፣ እሳቸውን ላለማድከም ተብሎ። ከዚያ አንድ ቀን ተኙ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው እንደተኙ ቀሩ። እህል እምቢ አሉ፣ ቀጭኑ ሰውነታቸው ጭራሽ ልብሳቸው ውስጥ ጠፋ።

የሐይቅ ሰው ደግሞ በሽተኛ መጠየቅ ይችልበታል። ቤቱ በሎሚና በብርቱካን ተሞላ። እያንዳንዱ ጠያቂ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና «አብሽር፣ ዕድሜ ነው» ይላል፣ ቀጥሎም እንዲህ ብሎ ተኝቶ የሞተ ዘመዱን ታሪክ ያጫውታቸዋል። እኔ በበኩሌ የማውቀውን ሁሉ አደረግሁ። ቫይታሚን ወጋሁ፣ ግሉኮስ ሰቀልኩ፣ ደሴ ወስጄ ደም፣ ሽንት፣ አልትራሳውንድ፣ ራጅ አስደረግሁ። ውጤቱ ሁሉ ንጹሕ ነው። ንጹሕ ነው ስላቸው «እንግዲያው ጊዜዬ ደርሷል» አሉኝ።

ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሥራው ናፍቋቸው እንደሆን ጤና ጣቢያ ይዣቸው ልሂድና አብረውን ይዋሉ አልኩ። ለምኜ፣ ደግፌ፣ ኮታቸውን አልብሼ በባጃጅ ወሰድኳቸው። እኔ ክፍሌን ልከፍት ቀደም ስል ካርድ ክፍል አዲስ የገባችው ሠራተኛ አየቻቸው። «አባባ፣ ካርድ አውጥተዋል? ካላወጡ ከኋላ ይሰለፉ» አለቻቸው። ልጅቷ ምን ታድርግ፣ አታውቃቸውም። ስመለስ ጋሽ ይማም ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመው አገኘኋቸው፣ ስንት ዓመት የሠሩበትን ክፍል በር እያዩ። መልሼ ቤታቸው አደረስኳቸው። በነጋታው እትዬ ሀሊማን ጠርተው የከፈናቸው ጨርቅ የት ሳጥን ውስጥ እንዳለ ነገሯቸው።

እትዬ ሀሊማ እያለቀሱ መጥተው ሲነግሩኝ እኔም አለቀስኩ። በዚያ ሁሉ ዘመን ስንት ሰው ሲሞት አይቻለሁ፣ እንደዚያ ቀን የፈራሁበት ጊዜ የለም። ሰውየው ምንም ሳይኖራቸው እጄ ላይ ሊሞቱ ነው። እንባዬን ጠርጌ በቀጥታ ወደ አቶ ደምሴ ሱቅ ሄድኩ።

«አቶ ደምሴ፣ ጋሽ ይማምን ይክሰሱልኝ» አልኳቸው።

ሽንብራ እየመዘኑ ነበር፤ ሚዛኑን አስቀመጡት። «ምን ብዬ?»

«ቀብር ቀርተዋል። እሳቸው ከተኙ ወዲህ ስንት ሰው ቀበርን፣ በአንዱም አልተገኙም።»

«አንቺ ልጅ፣ ጤናም የለሽ? እኔ ራሴ ነጻ ያወጣሁትን ሰው፣ አልጋ ላይ ያለ ሰው ልክሰስ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ካልከሰሷቸው ይቀብሯቸዋል» አልኩ። «አርፈህ ተቀመጥ ብለን የገደልናቸው እኛ ነን፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ። እናስነሳቸው።»

ቀስ በቀስ አቶ ደምሴ አፍ ጫፍ ላይ ሳቅ መጣ። «እውነትም በጭብጨባ ነው ነጻ የወጣው። በድምፅ አልተወሰነም» አሉ።

በማግስቱ ሁለት የቅሬ ሽማግሌዎች ተላኩ። እኔ ግሉኮስ የምቀይር መስዬ አልጋው አጠገብ ቆሜያለሁ። ሽማግሌዎቹ እንደ ጠያቂ ሎሚ ይዘው ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ዱዓ አደረጉ። ከዚያ አንደኛው ጉሮሮውን ጠረገና «ይማም፣ ቅሬው ከሶሃል። በተከታታይ ቀብር ቀርተሃል። እሑድ መጥተህ መልስ ስጥ፤ ካልመጣህ ከቅሬ ትወጣለህ» አለ።

ጋሽ ይማም ለመጀመሪያ ጊዜ ከግድግዳው ዞሩ። «ምን አልከኝ?»

«ከቅሬ ትወጣለህ። ከወጣህ ደግሞ የሚቀብርህ የለም፣ ደንቡን ታውቀዋለህ።»

«እኔ ልሞት ነው እኮ፣ አታዩኝም?»

«እሱን አላህ ያውቃል» አለ ሁለተኛው ሽማግሌ። «አንተ መጀመሪያ ጉዳይህን ጨርስ፣ ከዚያ ትሞታለህ።»

«ነጻ ነህ ብላችሁኛል! ሰው ሁሉ ሰምቷል!»

«በጭብጨባ ነው። በድምፅ አልተወሰነም።»

ሽማግሌዎቹ እንደወጡ ጋሽ ይማም አልጋው ላይ ተቀመጡ። ጆሯቸው ቀልቷል። «እኔን? እኔን ቀሪ ብለው?» አሉ። ግድግዳውንም እኔንም እየጠየቁ ነው። ትንሽ ቆዩና «ሀሊማ» ብለው ተጣሩ። «ፍርፍር ሥሪልኝ። በዚህ ጉልበት ሙግት አልችልም።» እትዬ ሀሊማ ወደ ወጥ ቤት ሲሮጡ ነጠላቸው በሩ ላይ ወድቆ ቀረ።

እስከ እሑድ በሉ። የሚናገሩትንም ሲያጠኑ ሰነበቱ፤ እትዬ ሀሊማ ዳኛ ሆነው ያዳምጡ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰዉ የቅሬው ድንኳንና ድስት የሚቀመጥበት ቤት ፊት ተሰበሰበ። ባጃጅ ላምጣ ብላቸው «ክስ ያለበት ሰው በባጃጅ አይሄድም» ብለው በእግራቸው፣ ከዘራ ይዘው፣ ኮታቸውን ቆልፈው መጡ። ያየ ሁሉ ተነሳላቸው። አቶ ደምሴ ግን ፊታቸውን አጠቁረው «ተከሳሽ ይቁም» አሉ።

«ለምን ቀረህ?»

«ታምሜ።»

«ምን ታመህ?»

ጋሽ ይማም ያጠኑትን ሊጀምሩ አፋቸውን ከፈቱ። ትኩሳት እንዳይሉ የለባቸውም፣ ሳል እንዳይሉ የለባቸውም፣ በሕመም ደግሞ ዋሽተው አያውቁም። ከሴቶቹ በኩል አንዲት አሮጊት፣ እሳቸው ያዋለዷቸው፣ «ሥራውን ጠይቁት እንጂ! እኛን ሁሉ እሱን ነበር የሚጠይቀን» አሉ። ሰው ሳቀ። ጋሽ ይማም ግን አልሳቁም።

«እሺ» አሉ አቶ ደምሴ፣ ድምፃቸው ለስለስ ብሎ። «ሥራ እንዴት ነው ይማም?»

«ሥራ የለኝም» አሉ። ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት። «አልራበኝም፣ አልታረዝኩም፣ የጡረታዬ ብር በየወሩ ይመጣል። ጠዋት ግን ኮቴን ለብሼ በሩ ድረስ እሄዳለሁ፣ ከዚያ ወዲያ የምሄድበት የለም። የሚፈልገኝም አይመጣም። እናንተ እረፍ አላችሁኝ። እኔ ማረፍ አልችልበትም፣ ማንም አላስተማረኝም።»

ያን ጊዜ ቀና ብዬ ሰዉን ማየት አቃተኝ። ያጨበጨብን ሁሉ መሬት መሬት እናያለን። አቶ ደምሴ መሐረባቸውን አውጥተው ግንባራቸውን እንደሚጠርግ ሰው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ቅሬው ይኼን ሕመም አልተቀበለውም፣ በደንባችን ውስጥ የለም» አሉ። «ጥፋተኛ ነህ። ቅጣትህን ስማ። ከዛሬ ጀምሮ በቀብር ቀን አሞኛል ብሎ የሚቀር ሁሉ አንተ ቤቱ ሄደህ ታየዋለህ። እውነት ከታመመ ትነግረናለህ፣ ካልታመመ ዶማ አሲዘህ ታመጣዋለህ።»

ሰዉ መንሾካሾክ ጀመረ። የሰፈሩ ወገብ ግማሹ የሚታመመው ቁፋሮ ሲጠራ ብቻ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ጋሽ ይማም ግን ጀርባቸው ቀና አለ።

«ደንቡ ከዛሬ ይጀምራል ነው ያልከው ደምሴ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ና፣ እዚህ አግዳሚ ላይ ተጋደም። አንተ በወገብህ የተነሳ ዓመት ሙሉ ዶማ አልያዝክም።»

መሸሽ አይቻልም፣ ሰው ሁሉ ያያል። አቶ ደምሴ በጀርባቸው ተጋደሙ። ጋሽ ይማም አንድ እግራቸውን ጉልበቱን ሳያጥፉ ቀስ እያሉ ያነሱት ጀመር። እያነሱ «ሽንብራ ስንት ገባ ሰሞኑን?» አሏቸው። አቶ ደምሴ ስለ ሽንብራ ከተጠየቁ አይቆሙም። የወልድያ ነጋዴ ያመጣውን ዋጋ፣ የደሴውን፣ ያለፈውን ገበያ ሁሉ ሲተነትኑ እግራቸው ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። ጋሽ ይማም ወደ ሸንጎው ዞረው «ወገቡ የተያዘ ሰው እግሩ እዚህ ሲደርስ ስለ ሽንብራ አያወራም። ጤነኛ ነው» አሉ። ከዚያ ቀጥሎ የነበረውን መቃብር አቶ ደምሴ ከላይ እስከ ታች ቆፈሩ።

እንዲህ ሆኖ ጋሽ ይማም ደመወዝ የሌለው ሥራ ያዙ። ለቀብር ብቻ ነው የተባለው በየቀኑ ሆነ። ሰው ሁሉ ሰነፍ ነው የሚለውን አንድ ሽማግሌ አይተው፣ እግሩ ያበጠው ከልብ ሕመም ነው ብለው በራሳቸው ብር በባጃጅ ጭነው አመጡልኝ። እስካስተኛው ድረስ እንደ ድሮው «አለቃዬ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» እያሉ ራሴን አዞሩኝ። ልክ ነበሩ፣ ሽማግሌውም ተረፈ። በቀደም የኔ ሽኝት ላይ አቶ ደምሴ ንግግር ሊያደርጉ ሲነሱ ከተቀመጥኩበት «እንዳይሉት» አልኳቸው። ቀጥሎ የውሃ ተራ የማን እንደሆነ ጠየቅሁ፣ የኔ ነው ተባልኩ።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን ከዚያ ፍርድ በኋላ ትንሽ ሰንብተው እትዬ ሀሊማ ጤና ጣቢያ የመጡ ዕለት ነው። ምሳ ዕቃ ይዘው ገብተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ደነገጥኩ።

«ምነው እትዬ፣ ጋሽ ይማም አሁንም እህል እምቢ አሉ?»

«የቱን ሰውዬ ትያለሽ? እኔ መቼ አገኘዋለሁ? ጠዋት ወጣ፣ ምሳ ሠርቼ ጠበቅሁ፣ የለም። ስልክ ብደውል የሰው ጉልበት እያየሁ ነው ብሎ ዘጋብኝ። ትናንትም ቀዝቅዞ ዋለ፣ ዛሬም ቀዘቀዘ። አንቺ ነሽ እንዲህ ያደረግሽብኝ።»

«ይቅርታ እትዬ፣ እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

ምሳ ዕቃውን ከፈቱት፣ አንድ ጉርሻ ጠቅልለው አጎረሱኝ። ወጡ እውነትም በረዶ ሆኗል። እጄን ያዙና ለቀቅ አላደረጉኝም።

«እንዳትነግሪው» አሉኝ። «አልሐምዱሊላህ። ዕድሜ ልኩን ይቀዝቅዝ።»